የእህቴ መኪና እና የየኔታ ጆሮ

አፋር፣ ሎጊያ ባለው የመለዋወጫ ሱቃችን ውስጥ ከመደርደሪያው ሁሉ የምኮራበት የካንዴላው ነው። ካንዴላ በቤንዚን ሞተር ራስ ላይ ተሰክታ እሳት የምትጭር፣ ጣት የምታክል ዕቃ ናት። ትንሽ ስለሆነች ብዙ ሰው ይንቃታል። ገዢው እየተጣደፈ ይመጣና "ካንዴላ ስጪኝ" ይላል። እኔ ደግሞ ለየትኛው መኪና እንደሆነ፣ ቆላ ይሥራ ደጋ፣ ጭነት ይኑረው አይኑረው፣ አሮጌውን ይዞት እንደሆነ ሳልጠይቅ እጄን ወደ መደርደሪያው አልሰድም።

አንድ ሾፌር ላቡን እየጠረገ፣ "እትዬ፣ እኔ ካንዴላ ልገዛ እንጂ ንስሐ ልገባ አልመጣሁም እኮ!" ብሎኛል።

"ንስሐውን ለቄሱ ታደርሳለህ። ለእኔ አሮጌዋን ብቻ አሳየኝ፤ የሠራኸውን ሁሉ እሷ ትነግረኛለች" አልኩት።

እውነቴን ነው። የካንዴላ ጫፍ ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ነጥቶ ከተለበለበ ከልኩ በላይ እየጋለ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ደግሞ ቤንዚኑ በደንብ ሳይነድ እየቀረ ነው። ይህን ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው፤ ሱቁም የእሱ ነበር፣ አሁን የሁለታችን ነው። ጥንቃቄው ግን ከአባቴ ቤት ይዤው የመጣሁት ነው።

አባቴ የድጓ መምህር ናቸው። ያደግነው ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ከደብሩ ሥር፣ የተማሪ ጎጆዎች በከበቡት ግቢ ነው። ተማሪዎቹ የኔታ ሲሏቸው እየሰማን ስላደግን እኛም ልጆቻቸው የኔታ እንጂ አባባ ብለን አናውቅም። የኔታ ሲያስተምሩ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አገጫቸውን መቋሚያቸው ላይ አስደግፈው ነው። የቱንም ያህል ተማሪ ባንድ ላይ ቢያዜም አንዱ ሲስት ይሰሙታል። መቋሚያው ከመሬት ብድግ ይላል።

"አንተ ከግድግዳው በኩል ያለኸው፣ ቃል ዋጥህ" ይላሉ፤ ዓይናቸውን ግን አይገልጡም።

ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው አድረው እንኳ፣ ስሕተት እስካለ ድረስ እንቅልፍ በአጠገባቸው አያልፍም። ዜማው ሲስተካከል ግን ቀስ ብሎ ሸለብ ያደርጋቸዋል። በተማሪ ቤቱ ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና አልነበረም። "ዛሬ የኔታን አስተኛኋቸው" ለማለት የበቃ ተማሪ ሳምንቱን ሙሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር የሚሄደው። እኔና ታናሽ እህቴም ከግድግዳው ወዲያ እንስራ አስቀምጠን ቆመን፣ ዛሬ ማን ያስተኛቸው ይሆን እያልን እንወራረድ ነበር።

ይቺው ታናሽ እህቴ ዛሬ ሾፌር ናት። ዲፕሎማዋን ይዛ ንፋስ መውጫ ወረዳ ቢሮ ትሠራ ነበር፤ ወንበር አልስማማኝ አለች፤ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ከባሏ ጋር ሆነው አሮጌ ሚኒባስ ገዙ፤ ከንፋስ መውጫ ወገዳ ትመላለሳለች። መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ማታ ለእመቤታችን ስዕል ጧፍ አበራሁ። ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽም። ሳላስበው ግን ለደንበኛ ሁሉ "እህቴ እኮ ሾፌር ናት፤ ያውም የወገዳን መንገድ!" እያልኩ ራሴን አገኘሁት። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ቆም ብሎ ያየኛል። ዳገቱ ይቅርና ድንጋዩ ብቻ መኪና ይፈታል።

አንድ ነገር ግን እህቴን ያንገበግባት ነበር። የኔታ ካረጁ በኋላ ከቤተ ልሔም መጥተው የሚኖሩት እሷ ቤት ነው። ምግባቸውን የምታቀርብላቸው፣ እግራቸውን የምታጥባቸው እሷ ናት። መኪናዋ ላይ ግን አንድም ቀን ተሳፍረው አያውቁም። ለክርስትና ሲጠሩ፣ ለተዝካር ሲጠሩ፣ ወይ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ወይ ከሌላ ሰው መኪና ይሳፈራሉ። ንፋስ መውጫ ትንሽ ከተማ ናት፤ ይህ ከማንም ዓይን አይሰወርም። መናኸሪያው ላይ ሰው የእሷን መኪና በሩቁ እያየ፣ "የገዛ አባቷ ያልተሳፈሩባትን እኛ ምን ቆርጦን?" ይላል፤ ቀጥሎ ወደቆመው ይሄዳል። የእሷ የምትሞላው ሌላ መኪና ሲጠፋ ነው።

ባለፈው ዓመት በበጋ ደወለችልኝ።

"እታለም፣ የኔታ ወገዳ ለንግሥ ተጠርተዋል። የድሮ ተማሪያቸው እዚያ የደብር አለቃ ሆኗል አሉ፤ የኔታ ካልመጡልኝ ብሎ ልኳል።"

"እሰይ! በማን መኪና ሊሄዱ ነው?"

አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። ይህን አውቀዋለሁ፤ ልታለቅስ ስትል ነው።

"በኔ ይሂዱልኝ ብዬ ለመንኋቸው። 'እስቲ እናያለን' አሉኝ። እታለም፣ እኔ መናኸሪያ ቆሜ እያየሁ በሌላ ሰው መኪና ወገዳ ከሄዱ፣ ከዚያ በኋላ መሪ አልጨብጥም። መኪናዋን እንሸጣታለን።"

"ተይ እንዲህ አትበይ። መኪናዋስ እንዴት ናት?"

"አይ፣ እሷም አልሆነችልኝ። ዳገት ስትጀምር ትንተባተባለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ እንደ ባልቴት ታስላለች።"

"ካንዴላዋን ቀይረሻል?"

"ቀየርኋት እንጂ! ውድ የተባለውን፣ መተማ የሚመላለስ ሾፌር የመረጠልኝን።"

መተማ ስትለኝ ነገሩ ግማሹ ገባኝ። "በይ ምንም አትንኪ፤ እመጣለሁ" አልኳት።

ከመደርደሪያው መርጬ ሁለት ዓይነት ካንዴላ ያዝኩ። አንድ በአንድ ከማሸጊያው እያወጣሁ፣ ነጩን ሸክላ ወደ ብርሃን እያዞርኩ፣ ስንጥቅ እንዳይኖረው አየሁ። የጥርሱን ርዝመት ከመኪናዋ ዓይነት ጋር አስተያየሁ፤ የረዘመ ከሆነ ውስጥ ገብቶ ፒስተኑን ይመታል። ከየዓይነቱ አንዳንድ ትርፍ ጨመርኩ፤ ትርፍ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ከዚያ በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ በስመ አብ ብዬ ተነሣሁ። ሎጊያ በላብ ተነክሬ የተሳፈርኩ ሴትዮ፣ በወልድያ አድርጌ ንፋስ መውጫ ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ብርዱ ጉንጬን ሲነካኝ ደግሞ ደስ አለኝ፤ የኔ ነው ብርዱ።

እህቴ መናኸሪያ ጠበቀችኝ። ሱሪ ላይ ጋቢ ደርባ፣ ቁልፉን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች ቆማለች። ተራ አስከባሪው፣ ቀልድ የማያልቅበት ጎልማሳ፣ ገና ሲያየኝ ጀመረ።

"እንኳን ደኅና መጣሽ፣ የየኔታ ልጅ! ለእህትሽ መኪና የሳል መድኃኒት ይዘሽላት መጣሽ?"

"ይዣለሁ። ለወሬም የሚሆን መድኃኒት አለኝ፤ ላንተ ልስጥህ?" አልኩት።

"ኧረ እኔን ተይኝ! መኪናዋ ብትድን ቀዳሚው ደስተኛ እኔ ነኝ። ግን ሰው ምን ይላል መሰለሽ? የኔታ አንድ ጊዜ ጋቢና ቢቀመጡላት፣ ከነገ ወዲያ ወረፋ ይያዝላት ነበር።"

እህቴ የመኪናዋን በር ከፍታ ገባች። መሪውን ስትጨብጥ ጣቶቿ ነጥተው አየሁ።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የመኪናዋን አንጀት ከፈትን። የኔታ ፀሐይ በኩል ካለው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ካንዴላዎቹን ፈታሁ። አራቱም እንደ ጓዳ ምሰሶ በጥላሸት ጠቁረዋል።

"አየሽ?" አልኳት።

"እንዴ! ገና አዲስ እኮ ናቸው! ውድ ናቸው!"

"ውድነታቸውን ማን ነካብሽ? አገራቸው አይደለም እንጂ።"

መደቡ ጫፍ ላይ ሁለቱን ዓይነት ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየኋት። አንደኛው ነጩ ሸክላው አጠር ያለ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ወደ ሞተሩ አካል አሳልፎ ራሱን ያበርዳል። በሎጊያና በመተማ ሐሩር ጭነት ይዞ ቀኑን ሙሉ ለሚሮጥ መኪና ደግ ነው፤ እኔም አብዝቼ የምሸጠው እሱን ነው። ሁለተኛው ሸክላው ረዘም ይላል፤ ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ጫፉ ይግላል፣ የሚለጠፍበትን ጥላሸት እዚያው ያቃጥለዋል። ብርድ ላለበት፣ አየሩ ስስ ለሆነበት፣ በየመንደሩ እየቆመ ሰው ለሚያወርድ ሚኒባስ የሚስማማው ይኼኛው ነው።

"ስለዚህ ያ የመተማ ሾፌር ዋሸኝ?"

"አልዋሸሽም። ለራሱ መኪና የሚሆነውን ነው የነገረሽ። አንቺም የት ነው የምነዳው ብለሽ አልጠየቅሽ።"

"ወይ ጉድ! ካንዴላም ደጋና ቆላ አለው?"

"ሰውስ የለው? ሎጊያን መልመዱ ስንት ክረምት እንደፈጀብኝ እኔን ጠይቂኝ።"

ሳቀች። የአየር ማጣሪያውን አራገፈችና አጸዳችው። እኔ የካንዴላዎቹን ጫፍ ክፍተት በስስ ብረት መለኪያ ለክቼ፣ በእጄ እስኪገቡ ድረስ አዙሬ፣ በመጨረሻ በቁልፍ አጠበቅሁ። አስነሣችው። ሞተሩ አንዴ አጉረመረመና ያዘ። ሳሉ ጠፍቷል! ደስ ብሎኝ እጄን ወደ ላይ ዘረጋሁ። እህቴም ከመሪው ኋላ ሆና እልል ልትል ስትል የኔታ መቋሚያቸውን ከመሬት ብድግ አደረጉት።

ሁለታችንም ደነገጥን። ያንን እንቅስቃሴ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

"እዚያ ውስጥ ያሉት ስንት ናቸው?" አሉ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

"ምኖቹ የኔታ?"

"ድምፆቹ ናቸዋ!"

"አራት ናቸው። አራት ሲሊንደር ነው" አለች እህቴ።

"እንዲያ ከሆነ አንዱ አልፎ አልፎ ይውጣል።"

ጆሮዬን አስጠጋሁ። ለእኔ የሞተሩ ድምፅ እንደ ወንዝ የተስተካከለ ነበር። እህቴ ግን አንገቷን ዘንበል አድርጋ ቆየችና፣ "ልክ ናቸው እታለም፤ እኔም መሪው ላይ ትንሽ ይሰማኛል" አለችኝ።

መካኒኮች የታመመውን ሲሊንደር የሚለዩበት መንገድ አለ፤ የካንዴላውን ገመድ ተራ በተራ ይነቅላሉ። ጤነኛው ሲነቀል ሞተሩ ይደነቃቀፋል፤ የታመመው ሲነቀል ግን ብዙ ለውጥ የለውም። ጎማ የለበሰ ፒንሳ ይዤ የመጀመሪያውን ነቀልኩ። የኔታ መቋሚያቸውን አነሡ። መለስኩት። ሁለተኛውን ነቀልኩ፤ አሁንም አነሡ። ሦስተኛውን ስነቅል መቋሚያው ከመሬት አልተንቀሳቀሰም።

"ይኼኛው ቢኖርም ባይኖርም ያው ነው። ወይ ታሟል፣ ወይ አላጠናም" አሉ።

ሞተሩን አጥፍተን ሦስተኛዋን ካንዴላ አወጣኋት። ወደ ፀሐይ ባዞራት ምንም የለም። ደግሜ፣ ጥፍሬን በሸክላው ላይ ሳሳልፍ ግን ፀጉር የመሰለች ስንጥቅ ያዘችኝ። ሎጊያ ላይ አላየኋትም ወይም መንገድ ላይ ሌላው ዕቃ ተጭኗት ይሆናል፤ አላውቅም። ትርፏን አስገባሁ። እህቴ አስነሣችው። የኔታ ረጅም ጊዜ ሰሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"አሁን ተስማሙ" አሉ።

እህቴ ከመኪናው ወርዳ ከፊታቸው ቆመች። እጇ ዘይት ነክቷል፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"የኔታ፣ እስከዛሬ እንቢ ያሉኝ በዚህ ነው? እኔ እኮ ሾፌር በመሆኔ ያፈሩብኝ መስሎኝ ነበር።"

የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ። የገረማቸው መሰሉ።

"አፈሩብኝ ነው ያልሽ? ማን ነው እሱን የነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። አልሳፈር አሉኝና…"

"ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ስታስነሻት እሰማታለሁ። ያ አንዱ ድምፅ ይጎድላል፣ ሌላው ይዘገያል። ዳዊቴን እየደገምኩ እንኳ ጆሮዬ ወደዚያው ይሄድብኛል። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ስሕተት ጋር እንዴት ልቀመጥ?"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"የማላውቀውን ትምህርት ምን ብዬ ላርም? መሪጌታዋ አንቺ ነሽ።"

እህቴ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ጋቢያቸው ላይ የዘይት ጣት አትማ ነበር። አላዩትም፤ እኛም አልነገርናቸው።

የንግሡ ዋዜማ ዕለት፣ ጠዋት፣ የኔታ ከእህቴ ቤት እስከ መናኸሪያ ጋቢና ተቀምጠው መጡ። ነጭ ጥምጥማቸው ከፊት መስታወቱ ኋላ ከሩቅ ይታያል። ተራ አስከባሪው እጁን አፉ ላይ ጫነ፤ ከዚያ በከተማው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸ።

"ወገዳ! ወገዳ! የኔታ ያሉባት! የቀረ እንዳይቆጨው!"

መኪናዋ ሞላች ለማለት ጊዜ አልነበረም። ትናንት አልፈዋት ይሄዱ የነበሩ እናቶች እየተጋፉ ገቡ። አንዷ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ "እኔ እንኳ ድሮም ይቺን መኪና እወዳት ነበር" አለች። ጎረቤቷ "አዎ፣ በሩቁ ነበር የምትወጃት" አለቻትና ሁሉም ሳቀ። አንድ ቄስ ጸበል ይዘው መጥተው ሞተሩ ላይ ሊያፈሱ ኮፈኑን ክፈቺ ሲሏት እህቴ ተሳልማ፣ "አባ፣ ከላይ ከላይዋን ይበቃታል፤ ውስጧን እታለም አስተካክላዋለች" አለቻቸው። በመስታወቱ ላይ ረጩልን። ወጣን።

ከዳገቱ በፊት ያለው መንገድ ሁሉም የሚያወራበት ነው። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ንግሡ። ዳገቱ ሲጀምር ግን ወሬው ባንድ ጊዜ ተቋረጠ። ሁሉም ያውቃል፤ ይቺ መኪና እዚህ ላይ ነው የምትንተባተበው። እኔ ከእህቴ ኋላ ተቀምጬ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ማርሽ ቀነሰች። ሞተሩ ድምፁን ጨመረ፣ ከፍ አለ፣ ያዘ። ድንጋዩ ከጎማው ሥር ይፈነጠራል፤ በግራ በኩል ገደል ነው፤ የእህቴ ትከሻ ግን አልተወጠረም። እጇ መሪው ላይ እንደ ባለሙያ እጅ ረግቷል። ከዚያ በፊት ስትነዳ አይቻት አላውቅም ነበር። ከሁሉም ነገር ይልቅ የሚቆጨኝ እሱ ነው፤ እስከዛሬ ሳላያት መቆየቴ።

የዳገቱ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ክፉ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ፣ አራቱም ድምፆች አንድ ሆነው ይሄዳሉ። እኔ እንኳ፣ ያ ጆሮ የሌለኝ፣ ሰማኋቸው። ወደ የኔታ ተመለከትኩ። መቋሚያቸው በጉልበታቸው መካከል ቆሟል። አገጫቸው በላዩ ላይ ነው። ዓይናቸው ተጨፍኗል። እየሰሙ ነው ብዬ መቋሚያው ብድግ እንዳይል ፈራሁ። አልተንቀሳቀሰም። ከንፈራቸው ትንሽ ተከፈተ፤ ጥምጥማቸው ወደ መስኮቱ ቀስ ብሎ ዘመመ።

እህቴ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ፣ በሹክሹክታ፣ "እታለም፣ የኔታ ምን እያደረጉ ነው? ፈርተዋል?" አለችኝ።

ጆሮዋ ድረስ አጎነበስኩ።

"ተኝተዋል" አልኳት።

በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አየሁት። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ቆመን የምንሰማቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው የሚሄዱት ተማሪዎች ፊት ነበር። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ለምን እንደማለቅስ አልገባቸውም፤ ዳገቱን የፈራሁ መስሏቸው "አይዞሽ፣ ደርሰናል" እያሉ ጀርባዬን ይመቱኝ ነበር። ጫፉ ላይ ስንወጣ አንዲት እናት እልል ልትል አፏን ስትከፍት እህቴ እጇን አንሥታ አስቆመቻት።

"በሞቴ እማማ፣ ወገዳ እስክንደርስ ያቆዩልኝ። የኔታ እንዳይነቁብኝ።"

ቁልቁለቱን በዝግታ፣ ፍሬኑን እየዳበሰች ወረደችው።